ኖር ያልተባለበት ሦስት ወር

አባቴ በእርከን ሥራ ላይ ድንጋይ እንደተሸከመ ወደቀና ከዳሌው ሥር ተሰበረ። ወጌሻው መጥቶ እግሩን አየና እጁን ሰበሰበ። «መጋጠሚያው ላይ ነው፤ ብነካው አበላሸዋለሁ፣ ሐኪም ቤት ውሰዱት» አለ። አልችልም የሚል ወጌሻ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው፤ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። እንደ እድር ሙት የሚያወጣው ቅሬያችን ያን ቀን ሕያው ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ ከአምባሰል ተነስቶ ሐይቅ ከተማ፣ አውቶቡስ መንገድ ድረስ አደረሰ። የደሴ ሐኪሞች ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ላኩን።

እዚያ ሐኪሙ አጥንቱን በብሎን አሰረው። ራጁን ብርሃን ላይ ይዞ እያሳየ፣ «እኔ የድርሻዬን ሠርቻለሁ» አለኝ። «ሦስት ወር ሳይሞላው በዚህ እግር ከቆመ ብሎኑ ይለቃል። ከዚያ ወዲያ መራመዱን እርሺው።»

ሐኪሙ አባቴን አያውቀውም። አባቴ ሕፃን ቢገባ እንኳ ብድግ ብሎ «ኖር!» የሚል ሰው ነው። አገራችን ደግሞ ጠያቂ አያልቅበትም። ቤት በገባን ቀን ጎረቤታችን ሸሁ በር ላይ ብቅ ሲሉ አባቴ ክንዱን ተደግፎ ሊነሳ ሲል ዘልዬ ትከሻውን ተጫንኩት።

«አባባ፣ ብሎኑ!» ብዬ ጮኽኩበት።

«ሸሁ ቆመው እኔ ልጋደም? ሰው አይደለሁም?» ብሎ አኮረፈኝ።

ሸሁ ነገሩን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ሳይቀመጡ ተመልሰው ወጡ። የተቀየሙ መሰለኝ። በማግስቱ መጡና ደጃፉ ላይ ጫማቸውን አውልቀው፣ እኒያ አገር የሚነሳላቸው ሽማግሌ፣ በእንብርክካቸው ገቡ።

«አብሽር! እኔ ካልቆምኩ አንተ ለማን ትነሳለህ?» አሉት።

አባቴ ሳቀ፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ወሬው ተዛመተ። ሦስት ወር ሙሉ ቄስም ሆነ ሸህ ቤታችን ቆሞ የገባ የለም። ለማንም አጎንብሶ የማያውቀው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር እንኳ ከነጠመንጃው ተንበርክኮ ገባ፤ ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩት። እንዲህ ያለ ሕዝብ የት ይገኛል?

ሦስት ወሩ ሲሞላ ደሴ ሄደን ራጅ ተነሳ። አጥንቱ ገጥሟል፤ ብሎኑም ካለበት ንቅንቅ አላለም። አባቴ ትንሽ ያነክሳል፤ ያነክስ! ያንን ሐኪም ባገኘው እጁን እስመው ነበር።

በተመለስን ማግስት ሸሁ እንደ ልማዳቸው ደጃፉ ላይ ሊንበረከኩ ሲሉ አባቴ ምርኩዙን ተደግፎ ተነሳ። ምርኩዙን ለእኔ ሰጠኝና «ኖር!» አለ።

ሸሁ ጉልበታቸው መሬት ሳይነካ ቀና አሉ። «አላህ ያኑርህ» ብለው ቆመው ገቡ።