የሸሚዙ ሁለተኛ ቁልፍ

ባልየው ድንች ጠባሽ ነበር። ሚስቱ ደግሞ ቤተ ሙከራ ውስጥ ባክቴሪያ ትቀልባለች፤ ሥራዋን ለሚጠይቃት ሁሉ የምትመልሰው ይህንኑ ነው፣ ውሸትም የለበትም። ባክቴሪያዎቹን ያገኘቻቸው ከባሏ ሱቅ ጓሮ፣ እሱ ያረጀ ዘይት ሲደፋበት ከኖረው አፈር ነው። ሌላ ምግብ ተነፍገው ዘይት ብቻ ሲጠግቡ፣ ሰው ስብ እንደሚያከማች እነሱ ሆዳቸው ውስጥ ፕላስቲክ ያከማቻሉ። ያ ተለይቶ ሲወጣ ዕቃ ይሠራበታል። ሲቀበር ደግሞ አፈር ይበላዋል፤ የልፋቱ ሁሉ ዓላማም ይኸው ነው።

ባልየው ዘይቱን በጀሪካን ባመጣላት ቁጥር «እንግዶችሽ እንዴት ዋሉ?» ይላታል። ኋላ ታመመ፤ ጨጓራ ነው ሲባል ጉበት ሆኖ ተገኘ። ሱሪው ከወገቡ መንሸራተት ሲጀምር እንኳ ቀልዱን አልተወም።

«የኔን አተላ እየበሉ እነሱ ይወፍራሉ፤ እኔ ከስቼ አለቅሁ። በይ እንግዲህ፣ ከዘይቴ የተሠራ አንድ ነገር ሳላይ እንዳልሄድ።»

ኩባያ እሠራልሃለሁ አለችው።

ሐኪሙ ቁርጡን ሲነግራት ግን ቸኮለች። ባክቴሪያዎቹን በቅጡ ሳይሰቡ አወጣቻቸው፤ ሌላው ሰው ቢያደርገው የምትቆጣበት ስሕተት ነበር። ለኩባያ ቀርቶ ለክዳኑ የሚበቃ አልተገኘም። የወጣው ነጭ ዱቄት ሲቀልጥ አንድ ቁልፍና ጥፍር የምታክል ቁራጭ ብቻ ወጣው። ቁራጯን እንደ ደንቡ ለሙከራ አፈር በሞላ ትሪ ውስጥ ቀበረቻት። ቁልፉን የሸሚዙ ሁለተኛ ቁልፍ በወደቀበት ቦታ ሰፋችለት።

በጣቱ ዳበሰው። «ኩባያው ቀረብኝ» አለ፤ «ግን ብርዱን ዘጋልኝ።» በዚያው ሳምንት አረፈ።

ሸሚዙን እንደለበሰ ሊቀበር ሲል ልጃቸው መቀስ ይዛ መጣች።

«እማዬ፣ ቁልፉን ላስቀርልሽ። መሳቢያ ውስጥ ከሆነ ምንም አይነካውም።»

እናትየዋ እጇን ያዘቻት።

«ለሱ ነው የሠራሁት። ደረቱን ከፍቼ አልሰደውም።»

ይህን ስትል ትሪውን ፈጽሞ ረስታው ነበር። ከአርባው በኋላ ሥራ ስትመለስ የመመርመሪያው ተራ ደርሶ ጠረጴዛዋ ላይ ጠበቃት። ልማዷ የተቀበረውን ማውጣት፣ አፈሩን በብሩሽ መጥረግ፣ ከዚያ ምን ያህል እንደተበላ መመዘን ነው። ስንቱን ስታወጣ፣ ሳስቶ ባገኘችው ቁጥር ደስ ሲላት ኖራለች። የዚያን ቀን ቁራጯን በጉጠት አንሥታ ወደ መስኮቱ ያዘቻት። ጠርዟ ተቦርቡሯል፤ መሐሏ ከመሳሳቱ የተነሣ ብርሃን ያሳልፋል። ከቁልፉ ጋር ከአንድ ዱቄት የወጣች ናት። ቁልፉ ያለበትን ሁኔታ ከሷ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም፤ እሷም ምነው ባላወቀች ኖሮ። ከቁልፉ ሥር ስላለው ደረት አሰበች።

የሥራ ጓደኛዋ ከወዲያ ሆና ስንት መዘነ ብላ ጠየቀቻት።

አልመዘነችም። ቁራጯን ወደ ቦታዋ መልሳ፣ በመዳፏ ቀስ አድርጋ አፈር አለበሰቻት።