አራት ነጥብ እስክደርስ

ትናንት ጠዋት ዓሣ ልገዛ ወደ ሐይቁ ዳር ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ስወርድ በአንድ ትምህርት ቤት አጥር ሥር አለፍኩ። በመስኮቱ አንዲት ልጅ ስታነብ ይሰማል። ገና ሁለት ቃል ሳትል ክፍሉ በሙሉ «ተሳሳተች!» ብሎ ጮኸ። ኧረ ጉድ! ይኼ ጩኸት እስካሁን አለ? በዚህ ዕድሜዬ ደንግጬ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

አራተኛ ክፍል ሳለን የንባብ ሰዓት ጦርነት ነበር። አንዱ ቆሞ ያነባል፤ ሲሳሳት ቀድሞ ጮኾ ያረመው ልጅ ንባቡን ነጥቆ ይቀጥላል፣ የተነጠቀው ይቀመጣል። እኔ ደግሞ ከከተማው ዳር፣ ከቱላ የመጣሁ፣ በሲዳምኛ አፌን የፈታሁ ልጅ ነኝ። እንዳይነጥቁኝ ስቸኩል የቃሉን የመጀመሪያ ፊደል ብቻ አይና ቀሪውን በግምት እሞላዋለሁ። ታዲያ አንድም ቀን አንድ መስመር ጨርሼ አላውቅም። የነጣቂዎቹ አለቃ ታደለ የሚባል ልጅ ነበር፤ እኔ ስነሣ እሱ ምራቁን ውጦ ይዘጋጃል።

አንድ ቀን ዳይሬክተሩ መጥተው ወደ እኔ እያመለከቱ፣ «እስከ ዓርብ አንዲት ገጽ አንብባ ካልጨረሰች ሁለተኛ ክፍል ትወርዳለች» አሉ። ሁለተኛ ክፍል ማን እንዳለ ታውቃላችሁ? ታናሽ ወንድሜ! ያ ለፍላፊ ወሬውን ለቱላ ሁሉ ሊያዳርሰው ነው። ሞቼ እገኛለሁ አልኩ።

ዓርብ ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ክፍሉ እርጥብ ሹራብ ይሸታል፤ ጫማዬ የቱላን ጭቃ ተሸክሟል። አዲሷ መምህራችን፣ ቲቸር አልማዝ፣ ገና ከመግባታቸው ሰሌዳው ላይ አራት ነጥብ በትልቁ ጻፉ።

«ከዛሬ ጀምሮ አንባቢው እዚች ሳይደርስና እኔ ሳልፈቅድ አፉን የሚከፍት፣ ወዮለት!»

«እየተሳሳተችም ዝም እንበል ቲቸር?» አለ ታደለ፣ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

«እየተሳሳተችም።»

ተነሣሁ። ጣቴን መጀመሪያው ቃል ላይ አስቀምጬ ጀመርኩ። «ዓሣ አጥማጁ በማለዳ ጀልባው ላይ ወጣና መረቡን በላ።»

ጸጥ። አቤት ያ ጸጥታ! ታደለ በሁለት እጁ አፉን አፍኖ ፊቱ ቲማቲም መስሏል። አጠገቡ ያለችው ልጅ የሹራቧን እጅጌ ነክሳለች። ማንም አልነጠቀኝም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብኩትን ራሴ ሰማሁት።

«በላ?» አልኩ ጮክ ብዬ። «መረብ ይበላል እንዴ?»

ቲቸር አልማዝ ፈገግ አሉ። ጣቴን መልሼ ቃሉን ፊደል በፊደል ሄድኩበት። «በ… ተ… ነ። መረቡን በተነ!»

ከዚያ ማን ያቁመኝ! ስሳሳት እመለሳለሁ፣ አስተካክዬ እቀጥላለሁ፤ ላቡ በጀርባዬ ይወርዳል። የገጹ የመጨረሻ አራት ነጥብ ላይ ስደርስ ክፍሉ በጭብጨባ ፈነዳ።

«ታደለ፣ የምታርመው አለ?» አሉ ቲቸር።

«ኧረ ምን አስተረፈችልኝ!» አለ እየሳቀ፣ እሱም እያጨበጨበ።

ዞር ስል ዳይሬክተሩ በሩ ላይ ቆመዋል፤ ለካ ሲያዳምጡ ኖረዋል። «በይ፣ ወንድምሽን ሰላም በይልኝ» ብለውኝ ሄዱ፤ መውረዱ ቀረልኝ! በደስታ ወንበሩ ላይ ዘልዬ ልወጣ ምንም አልቀረኝ።

ያን ቀን ስለ ሕይወት ምን ተማርሽ የሚሉኝ አሉ። እኔ ማንበብ ተማርኩ፣ በቃ፤ ምን ይጨመርበታል! ዛሬ በመነጽር አነባለሁ፤ ዓይኔ ደክሞ አንዳንዴ መስመር እዘላለሁ። ታዲያ ስሳሳት ቀድማ የምትሰማኝም፣ ቀድማ የምትስቅብኝም ራሴ ነኝ።