የልጄ የገና ምት

ልጄ ለገና ጨዋታ ሲለማመድ አባቱ ፀሐይ ላይ አቁሞ ጥላውን እያሳየ ያርመው ነበር። «ወገብህ ይቅደም፤ ክንድህ ይከተል» ይለዋል። ጉልበቱ እንዲጠና ድንጋይ አሸክሞ ዳገት ያስወጣዋል። እኔ ግን እፈራ ነበር። ያን ጊዜ ደርግ ጠንካራ ጎረምሳ ከእኛው ከተማ ከሙጃ ገበያ ሳይቀር እያፈሰ ለጦርነት ይወስዳል።

«ቀበሌዎቹ ሲያዩህ እንደ ሰነፍ ምታ» አልኩት።

«እማዬ ደግሞ፤ ኮረዳዎቹ ይሳቁብኝ?» አለኝ።

በገና ዕለት ሩሯን ሲመታት ከሜዳው አልፋ ገደል ገባች። ሰው ጨፈረ። የቀበሌው ሊቀ መንበር የአባቱን ትከሻ መታ መታ አድርጎ፣ «ጓድ፣ አሠልጥነህ አስረከብከን» አለው።

በሳምንቱ ወሰዱት፤ አልተመለሰም። ባሌ ያችን ምት ዛሬም ለእንግዳ ያወራል። እኔ ተነስቼ እወጣለሁ።