ክኒኑን ሰጥቼ ጥያቄውን ያስቀረሁ ጊዜ

ባለፈው ማክሰኞ የእህቴ ልጅ ሊዲያ ከክሊኒክ ስትመለስ እኔ ዘንድ ጎራ ብላ ምሳ በላች። ማይግሬን ከእኔ ወርሳለች። በቤተሰባችን ያለ ክርክርና ያለ ሽማግሌ የሚወረስ ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው። ሐኪሟ ሕመሙን ቀድሞ የሚከላከል መድኃኒት አዞላት፣ ክኒኑን ከሰላጣው ሳህን አጠገብ አስቀምጣ ስልኳን ትነካካለች። ቀና ሳትል፣ «አክስቴ፣ መቀስ አለሽ?» አለችኝ።

«ለምን?»

«ለጓደኛዬ ለቤቲ ልቆርጥላት ነው። እሷም እኮ እንደ እኔው ነው የሚያማት። አንድ ረድፍ ልስጣትና ትሞክረው።»

መቀሱ መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ አልሰጠኋትም። እጄን ክኒኑ ላይ ጫን አድርጌ፣ «መጀመሪያ ምሳሽን ጨርሺ» አልኳት። ድምፄ ሳላስበው ከፍ ብሎ ኖሮ ልጅቷ ደንግጣ አየችኝ። እኔም አንድ ጊዜ፣ በእሷ ዕድሜ፣ በዚሁ በሐይቅ ዳር ከተማችን፣ ያንን መቀስ ይዣለሁ። ከዚያ ወዲህ ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፏል፣ ግን ክኒን ሲቆረጥ ማየት ዛሬም አልወድም።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኜ ተቀጥሬ፣ መናኸሪያ ሰፈር ከአማረች ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን በደባልነት እንኖር ነበር። እኔ ከወሎ ተዛውሮ መጥቶ እዚሁ የቀረ መምህር ልጅ ነኝ። አማረች ከይርጋለም ወዲያ ካለ ገጠር የመጣች የሲዳማ ልጅ ናት፤ ባህል አዳራሽ አካባቢ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች፣ እሑድ እሑድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን መካከል ቆማ ትዘምራለች። ድምፅ ነበራት! ልብስ ስታጥብ እንኳ የግቢው ተከራይ ሁሉ ሥራውን ትቶ ያዳምጣት ነበር። እኔ ኦርቶዶክስ፣ እሷ ጴንጤ፤ ሰው እንዴት ትስማማላችሁ ይለን ነበር። በእኔ ጾም ወጡን ያለ ቅቤ የምትሠራው እሷ ነበረች። ከቤተሰቦቿ ቆጮና አይብ ሲመጣ ደግሞ ከእሷ ይልቅ የምበላው እኔ ነበርኩ።

ሁሉ ነገራችን የጋራ ነበር። አንድ ጃንጥላ፣ አንድ መስታወት፣ ደህና ቦታ የሚደረግ አንድ ጥንድ ጫማ። «ይሄ የእኔ ነው» ማለት ነውር ይመስለን ነበር። ደባል ሆኖ የሚሠሥት ሰው በግቢው ስሙ ይነሣል፤ እኔ ደግሞ ስሜ በመልካም እንዲነሣ አብዝቼ የምወድ ልጅ ነበርኩ። ይህን የምነግራችሁ ያደረግሁትን ለማቅለል አይደለም። ክፉ አስቤ ሳይሆን ደግነቴን ወድጄው እንዳደረግሁት እንዲታወቅልኝ ነው።

ማይግሬኔ ያኔ በየሳምንቱ ነበር የሚመጣው። በመጀመሪያ የግራ ዓይኔ ዳር አንድ ነገር ብልጭ ይላል፤ ከዚያ ግማሽ ራሴን ይይዘዋል። ቢሮ የታይፕ መኪናው ድምፅ፣ ቤት ደግሞ «ሻሸመኔ! ሻሸመኔ!» የሚሉት የመናኸሪያ ተጣሪዎች። ሻሽ አጥብቄ አስሬ፣ መስኮቱን በጋቢ ሸፍኜ እተኛለሁ። አለቃዬ ሲመረው «አንቺ ልጅ ወይ ታከሚ ወይ ልቀቂ» አለኝና ሐኪም ዘንድ ሄድኩ።

ሐኪሙ ሸምገል ያሉ፣ መቸኮል የማያውቁ ሰው ነበሩ። ማዘዣውን ከመጻፋቸው በፊት ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው ጣታቸውን አንድ በአንድ እያጠፉ ጠየቁኝ። አስም አለብሽ? በልጅነትሽስ ነበረብሽ? ልብሽን አሞሽ ያውቃል? ስኳርስ? ነፍሰ ጡር ነሽ? ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ? አምስት ጣት አልበቃቸው ብሎ ወደ ግራ እጃቸው ተሻገሩ። እኔ በሆዴ፣ ያመመኝ ራሴን፣ እኚህ ሰውዬ ሊድሩኝ ነው እንዴ ዘሬን የሚያጠኑት እላለሁ።

«ፕሮፕራኖሎል ይባላል» አሉኝ በመጨረሻ። «ማስታገሻ አይደለም። ሲያምሽ ሳይሆን ሳያምሽም በየቀኑ፣ ጠዋትና ማታ፣ በሰዓቱ ነው የምትወስጂው። ለውጡን ለማየት ሳምንታት ይፈጃል፤ ቶሎ ተስፋ አትቁረጪ። በራስሽ ፈቃድም አታቁሚው።»

እንደታዘዝኩት ወሰድኩ። ሁለት ወር ሳይሞላ በየሳምንቱ ይመጣ የነበረው ሕመም በወር አንዴ ብቅ የሚል እንግዳ ሆነ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ግማሽ ሐኪም የሆንኩ መሰለኝ፤ ቢሮ ውስጥ ራሱን ይዞ ለሚገባ ሁሉ ምክር እሰጥ ጀመር።

አማረችም ራሷን ያማት ነበር። እንደ እኔው በግማሽ ጎኑ፣ እንደ እኔው ብርሃን የሚያስጠላ። ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ገና መጣል ሲጀምር፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ሐይቁ ዳር ባለው ቡሹሎ በሚደረግ የቤተ ክርስቲያናቸው ጉባኤ ብቻዋን እንድትዘምር ተመረጠች። ባለፈው ጊዜ በእንዲህ ያለው ቀን ራሷን ይዟት ተኝታ ቀርታ ስለነበር ሳምንቱን ሙሉ ስትፈራ ሰነበተች።

«ዘንድሮም ቢይዘኝስ ወርቄ?» አለችኝ ረቡዕ ዕለት። ስሜ ወርቅነሽ ነው።

«እኔ እያለሁ?» አልኳት። መቀስ አነሣሁና ከክኒኔ አንድ ረድፍ ቆረጥኩላት። በታይፕ ወረቀት ጠቅልዬ «ጠዋትና ማታ» ብዬ በእጄ ጻፍኩበት። ሐኪሙ ያጠፏቸው ጣቶች አንዳቸውም ትዝ አላሉኝም። እሷም እንደ ስጦታ በሁለት እጇ ተቀበለችኝ።

ሐሙስ ሳል ጀመራት። ዝናብ መትቷት ስለነበር ብርድ ነው አልን። ቅዳሜ ከገበያ ማንጎ ተሸክመን ስንመለስ ሁለት ጊዜ ቆማ ዐረፈች፤ ዝንጅብል አፍልቼ ሰጠኋት። እሑድ ጠዋት ነጭ ቀሚሷን እየተኮሰች እያለ ራሷን ወጋ አደረጋት።

«ልጨምርበት?» አለችኝ።

«ሁለት ዋጪበት» አልኳት፤ ማስታገሻ አይደለም የተባልኩት እኔው ራሴ!

በጋሪ ሄድን። መንገዱ ጭቃ ነበር፤ በአንድ ወገን የለጋ በቆሎ ማሳ፣ በሌላው ሐይቁ። የዝናብ ሽታ ከዓሣ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል። አማረች እንደ ወትሮዋ እያንጎራጎረች አልሄደችም፤ ድምፄን ልቆጥብ ነው አለችኝ፣ እኔም አመንኳት።

አዳራሹ በሰው ሞልቶ ነበር። ከመዘምራኑ ፊት ለፊት ነጠላ ለብሼ የተቀመጥኩት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። የመጀመሪያውን ስንኝ ጥሩ አድርጋ አወጣችው። ሁለተኛው ላይ ድምፅዋ ተቆራረጠ። ሦስተኛው ላይ አፏን ከፍታ ቆመች፣ ትከሻዋ ወደ ላይ ወደ ታች ይል ጀመር፣ ዓይኗ እንባ ሞላ። ጉባኤው ልቧ ተነክቶ የምታለቅስ መስሎት «አሜን! አሜን!» አለ፤ አንዳንዱም አብሯት አለቀሰ። መዘምራኑ መዝሙሩን ተቀብለው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። እኔ ግን ሦስት ዓመት አንድ ክፍል አብሬያት ስተኛ ስታለቅስ አይቻታለሁ፤ እንዲህ አታለቅስም። አየር እየፈለገች ነበር። ወንበር ዘልዬ፣ ሰው ገፍቼ ደረስኩባት። ከደረቷ እንደ ፉጨት ያለ ሲርታ ይሰማል፣ ከንፈሯ ጠቁሯል።

የመዘምራኑ መሪ፣ ወንድም ጴጥሮስ የሚሉት ጠንካራ ሰው፣ ታቅፎ ይዟት ሮጠ። እግዚአብሔር ይስጠው፣ ጤና ጣቢያ ቅርብ ነበር። ተረኛው ወጣት ጤና መኮንን ደረቷን አዳምጦ በሲዳምኛ ዝግ ብሎ ጠየቃት። አንድ ቃል እንኳ መመለስ አቃታት። ወደ እኛ ዞሮ በአማርኛ፣ «ዛሬ የወሰደችው መድኃኒት አለ?» አለ።

ወንድም ጴጥሮስ፣ «ምንም የለም። ጸልየን ነው የመጣነው» አለ።

እኔ ዝም አልኩ።

ያችን ዝምታ እስከ ዛሬ አልረሳትም። ቢበዛ አንድ ደቂቃ ናት። በር ላይ የቆሙትን መዘምራን አየሁ፤ ደባሏ አንድ ነገር አበላቻት ሲሉኝ በጆሮዬ የሰማሁ መሰለኝ። ምናልባት ብርድ ይሆናል፣ ምናልባት ክኒኑ ምንም አላደረጋት ይሆናል እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ጤና መኮንኑ መርፌ አዘጋጀ፤ ክንዷን በጥጥ ጠረገ። አማረች ያን ጊዜ አየችኝ። መናገር ስላልቻለች ነው እንጂ በወረቀት የጠቀለልኩትን ታስታውሳለች። መናገር ብትችልም እንደማታጋልጠኝ አውቃለሁ።

«እኔ ሰጥቻታለሁ» አልኩ። «ፕሮፕራኖሎል። ከረቡዕ ጀምሮ። ዛሬ ጠዋት ሁለት።»

የጤና መኮንኑ እጅ አየር ላይ ቀረ። መርፌውን መልሶ አስቀመጠና ነርሷን ሌላ መድኃኒት እንድታመጣ አዘዛት። «ደግ ተናገርሽ» ከማለት በቀር ያን ጊዜ ምንም አላለኝም። ኋላ እንደነገረኝ፣ ሊወጋት የነበረው መርፌ ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመም ሌላ ጊዜ ይረዳል፣ ከእኔ ክኒን በላይ ሲገባ ግን የደም ግፊትን አንሮ አደጋ ሊያመጣ ይችላል። ክኒኑ ራሱ ደግሞ አስም ያለበትን ሰው የአየር ቧንቧ ያጠባል። ሐኪሙ የመጀመሪያ ጣታቸውን ያጠፉት ለዚህ ነበር።

ኦክስጅን ተደረገላት፣ መድኃኒቱ በደም ሥሯ ገባ። ከሰዓት በኋላ ሲርታው ቀስ በቀስ ቀነሰ፣ ከንፈሯ መልኩን አገኘ። እኔ ውጭ ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ። ጤና መኮንኑ መጥቶ አጠገቤ ሲቆም፣ «የእኔንም ክኒን አሁን ሄጄ ሐይቅ እጥለዋለሁ» አልኩት።

«ዓሦቹም ማይግሬን አለባቸው?» አለኝ። ከዚያ ፊቱ ኮስተር አለ። «አትጣዪው። በአንድ ጊዜ ማቆምም ልብሽን ያውካል። ለአንቺ ታስቦ የታዘዘ ነው፣ በሰዓቱ ውሰጂው። መተው ካማረሽ ለጻፈልሽ ሐኪም ንገሪ፤ ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው። ለሌላ ሰው ግን እንኳን ረድፍ ፍሬም አትስጪ።»

ወደ ውስጥ ስገባ አማረች ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። እጇን ያዝኩ።

«አስም እንዳለብሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልጅ ሆኜ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ ለቀቀኝ፣ ረስቼውም ነበር።» ትንፋሽ ወሰደች። «ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር፣ ወርቄ። አልጠየቅሽኝማ።»

ተቆጥታ ብትናገረው ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን የተናገረችው «ሰዓት ስንት ነው?» እንደሚባለው፣ ያለ ቁጣ ነበር። ክኒኑን አካፍያታለሁ፤ ከክኒኑ ጋር የተሰጡኝን ጥያቄዎች ግን ለራሴ አስቀርቻለሁ። በደባልነት ዘመኔ የሠሠትኩት ነገር ቢኖር እሱ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት እጇን ይዤ እኚያው ሽማግሌ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት፣ ጣታቸውን አጠፉ፣ አስም የምትለዋ ጣት ላይ ቆሙና ለእሷ የሚስማማ ሌላ መድኃኒት ጻፉላት።

ሊዲያ ይህን ሁሉ ስነግራት ምሳዋ ቀዘቀዘ። «ቤቲ አስም አለባት?» አልኳት።

«አላውቅም» አለች።

«እኔም አላውቅም ነበር።»

ክኒኑን ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ ከተተችና ለቤቲ ደወለች፤ «ነገ ሐኪም ዘንድ አብረን እንሂድ» ስትላት ሰማሁ። መቀሱን ደግማ አልጠየቀችኝም።

እሷ ስትሄድ እኔ ደግሞ ለአማረች ደወልኩ። አሁን የልጅ ልጆች አሏት፣ እዚሁ ከተማ ናት፣ አሁንም ትዘምራለች። አዲስ መድኃኒት በታዘዘላት ቁጥር ትደውልልኝና «ጣትሽን አውጪ» ትለኛለች፤ እኔም «ሐኪሙ ይህን ጠይቆሻል? ያንንስ ነግረሽዋል?» እያልኩ አንድ በአንድ አጥፋለሁ። የሊዲያን መቀስ ስነግራት ሳቀች፤ ያንን ረጅም ሳቋን። ይቅር ካለችኝ ስንት ዘመን ሆኗል። እኔ ግን ዛሬም፣ ስትስቅ፣ ሳቋ መጨረሻ ላይ ደርሶ አየር ወደ ውስጥ ስትስብ እስክሰማ ድረስ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ይዤ እጠብቃለሁ።