ታሟል ያልኩት እንሰት

አክስቴ ስትደውል ሰላምታዋ ረጅም ነው። ቤተሰቡን፣ ጤናውን፣ ዝናቡን፣ የቤተ ክርስቲያኑን መዘምራን ሳይቀር ሳትጠይቅ ወደ ጉዳይዋ አትገባም። የዚያን ቀን ግን ደህና ነሽ ወይ እንኳ ሳትለኝ፣ «የእናንተ ስልክ እንሰቴን ታሟል ብሏል። ነገ ሊነቅሉብኝ ነው» አለችኝ።

«የእናንተ» ያለችው በእኔ ምክንያት ነው። ሶዶ ውስጥ አንድ ፕሮጀክት ቢሮ እሠራ ነበር። የቀበሌ የግብርና ባለሙያ የእንሰቱን ቅጠል በስልኩ ፎቶ ያነሳል፤ በስልኩ ውስጥ ያለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት አይቶ ጤነኛ ወይም ታማሚ ይላል። ታማሚ ካለ ስልኩ ይቀላና ትእዛዝ ይወጣል፦ ታማሚውንም አጠገቡ ያለውንም እንሰት ነቅለህ ቅበር። ትእዛዙ በክፋት የወጣ አልነበረም። የእንሰት አጠውልግ በሽታ ቀልድ አያውቅም፤ አንዴ ከገባ ጓሮውን ሳይጨርስ አይወጣም።

ከዚሁ ጋር ሰብሉን ከምግቡ፣ ምግቡን ከጤናው የሚያያይዝ የመረጃ ድር ሠርተናል። ከእንሰት ወደ ቡላ፣ ከቡላ ወደ አራስ የሚሄደውን መስመር ያሰመርኩት እኔ ነኝ፤ እኮራበትም ነበር። አክስቴ ሊነቀሉባት የነበሩት እንሰቶች ደግሞ ለልጇ የአራስ ቡላ ብላ ለይታ ያቆየቻቸው ነበሩ። ልጇ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ሁለት ወር ቀርቷታል። እንሰቶቹ የተተከሉት ያቺ ልጅ ገና ተማሪ እያለች ነው።

አሁን መናገር የማልወደውን ልናገር። ስልኩን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ወራት ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ በየፎቶው ላይ «ጤነኛ»፣ «ታማሚ» እያልኩ ምልክት አደርግ ነበር። ሳጥኑ ሁለት ብቻ ነው። እኔ ደግሞ የከተማ ልጅ ነኝ፤ እንሰትን የማውቀው ቆጮ ሆኖ ሰሃን ላይ ሲቀርብ ነው። የጠወለገ ሁሉ ለእኔ ታማሚ ነበር። አጠገቤ ገጠር ያደገች ባልደረባ ነበረችኝ፤ መጠየቅ እችል ነበር። «የወላይታ ልጅ ሆና እንሰት አታውቅም» እንዳልባል አልጠየቅኩም። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ቢሆን ሳያፍር ጠይቆ ይማር ነበር። ሲያጠራጥረኝ ታማሚ የሚለውን እነካለሁ፤ ጥንቃቄ መስሎኝ።

በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ አክስቴ የምትኖርበት ሃላሌ ደረስኩ፤ አቀበቱን በሞተር ወጣሁ። ባለሙያው ዶማ ከያዙ ሁለት ሰዎች ጋር ቆሟል። አክስቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ የጓሮውን መግቢያ ዘግታለች።

«እማማ፣ እኔ ለእርስዎ ብዬ ነው» ይላታል በወላይትኛ። «ስልኩ ነው እንዲህ ያለው፤ እኔ ምን ላድርግ?»

«ስልኩ እንሰት ፍቆ ያውቃል?»

«በምትኩ አዲስ ችግኝ ይሰጥዎታል።»

«ላም አለኝ በሰማይ! ልጄ የምትወልደው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ያንተ ችግኝ የሚደርሰው ልጇ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው!» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺስ? ከእነሱ ጋር ነሽ ወይስ ከእኔ?»

ዓይኔን ወደ ባለሙያው ስልክ አሸሸሁ። ያን ማሸሼን እስከ ዛሬ አልወደውም።

መልሴን ሳትጠብቅ ገብታ ቢላዋ አመጣች። ሁለቱንም ገጽ በእሳት አሳለፈችው፤ የታመመ እንሰት የቆረጠ ቢላዋ በሽታውን ወደ ጤነኛው ይወስዳል። ከጠወለገው እንሰት የአንዱን ቅጠል ዘንግ ከሥሩ ቆረጠች። «በሽታ ከሆነ ቢጫ ያዣል። ቁሙና እዩ» አለች። ቆመን አየን። ባለሙያው ጫማውን ያያል፤ ይህን እሱም ኮሌጅ ተምሮታል፣ ስልኩ ከመጣ ወዲህ ግን ቆርጦ ማየት ትቷል። ከቁራጩ ንጹህ ውሃ እንጂ ሌላ ምንም አልወጣም።

አክስቴ ከአንዱ ሰው እጅ ዶማውን ነጠቀችና ሥሩን ማሰች። ብዙም አልሄደችም። የፍልፈል ጉድጓድ ተገለጠ፣ የእንሰቱ ሥር ግማሹ ተበልቷል።

«ይኸው በሽታችሁ!» አለች። «ጥርስ አለው።»

ባለሙያው መንቀሉን ትቶ ስልኩን ኪሱ ከተተ፤ ዶማ ይዘው የመጡት ሰዎች ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። «አክስቴ፣ ስልኩን ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

አየችኝ፣ አየችኝና፣ «እንግዲያው ራስሽ መልሰሽ አስተምሪው» አለች።

ቢሮ ተመልሼ ያ ቀይ ትእዛዝ ፎቶዎቹ እንደገና እስኪታዩ ድረስ ከስልኮቹ ይነሳ አልኩ። አለቃዬ በሚቀጥለው ሳምንት ለገንዘብ ሰጪዎቹ የሚያቀርበውን ገለጻ እያዘጋጀ ነበር። «ጥፋቱ የባለሙያው ነው፤ ፎቶውን በደንብ አላነሳውም» አለኝ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏል ይህ ነው! ፎቶው ጥሩ ነው፣ የተበላሸው የእኔ ምልክት ነው አልኩት። መረጃው ትክክል ነው የሚል ወረቀት አቀረበልኝና ፈርሚ አለኝ። አልፈርምም አልኩ። በወረቀቱ ጀርባ የማላውቀውን እንደማውቅ ሆኜ ምልክት እንዳደረግኩ ጻፍኩ። «አላውቅም፤ ቆርጣችሁ እዩ» የሚል ሦስተኛ ሳጥን እንዲኖርም ጻፍኩ። ምልክት የሚያደርጉትም እንሰት የሚፍቁ ሴቶች ይሁኑ ብዬ ጨመርኩና በዚያ ላይ ፈረምኩ። ለሁሉም ባልደረቦች አባዝቼ አከፋፈልኩት።

«ሥራሽን ታጫለሽ» አለኝ።

«ልጣ» አልኩት። ሥራውን እፈልገው ነበር፤ አልዋሽም። ግን ብዬዋለሁ።

ወረቀቱ ከተዳረሰ በኋላ ቀዩ ትእዛዝ ከስልኮቹ ተነሳ። የእኔም ውል ሲያልቅ አልታደሰም። ሴቶቹን እስካሁን የጠራቸው የለም፤ እኔም ባገኘሁት ስብሰባ ሁሉ እየተነሳሁ ይጠሩ እላለሁ፣ ሳይጠሯት አቤት ባይ እየተባልኩ።

የአክስቴ ልጅ በሰላም ወለደች፤ ሴት። ልጠይቃት ስሄድ ቤቱ በጎረቤት ሴቶች ተሞልቷል። አክስቴ ቅቤ የዋኘበትን የቡላ ገንፎ ለአራሷ አቀረበችና በሰው ሁሉ ፊት ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች። «ይህን ልታስነቅል የነበረችው ይቺ ናት።»

ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። ፊቴ ጋለ፤ አንገቴን ግን አልደፋሁም።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኩ። «እንሰት አላውቅም። አስተምሩኝ።»

አራሷ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ከሴቶቹ መካከል ትልቋ ብድግ ብላ እጄን ያዘችና ወደ ጓሮ ይዛኝ ወጣች።