የመጨረሻውን ቅዳሜ የደበቅንባት ልጅ

አማካሪዋ ገና በመጀመሪያው ቀን፣ በቅጡ ሳንተዋወቅ፣ የምንለያይበትን ቀን ነገረችን። "ስምንት ቅዳሜ እንገናኛለን፤ በስምንተኛው እንሰነባበታለን" አለች። አሁን የተቀመጠን እንግዳ መቼ ትሄዳለህ ብሎ እንደ መጠየቅ ቆጠርኩት። ቢሆንም ለምን እንዲህ እንዳደረገች ማወቅ ፈለግሁ።

የምንገናኘው ፒያሳ፣ ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ባለች ክፍል ነበር። ሰው የሞተብን ስድስት ሴቶች ክብ ሠርተን ተቀምጠን እንነጋገራለን፤ የቡድን ምክክር ይሉታል። ያስመዘገበችኝ ልጄ ናት። አባቷ ከሞተ ወዲህ ዝምታ አብዝተሻል አለችኝ። ዝምታው ከዚያ በፊትም እንደነበረ አልነገርኳትም።

ከሴቶቹ ሁለቱን ላንሳ። አንደኛዋ ወንድሟ የሞተባት የጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ስታለቅስም ታስቃለች። ሁለተኛዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ የምትሰፋ፣ ከሲዳማ ገጠር የመጣች ልጅ ናት። ከሁላችን ታናሽ ነበረች።

አማካሪዋ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር "አምስት ቀረን"፣ "አራት ቀረን" እያለች ትጀምራለች።

"እኔ ረመዳንን እንኳ እንዲህ ቆጥሬው አላውቅም!" አለች ነጋዴዋ።

አማካሪዋን ለምን እንደምትቆጥር ጠየቅኋት። "ሳታውቁት እንዳይደርስባችሁ ነው" አለችኝ። በባጃጅ ወደ ቤት ስመለስ ይህንን አሰብኩ። እኛ ክፉ ነገር የምንነግረው ሰውየው እህል ከቀመሰ፣ ዘመድ ከተሰበሰበ በኋላ ነው። መርዶ ለመንገር ከሌሎች ጋር ሄጄ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው ፊቱ የማያስነቃ ሰው ይመሰገን ነበር፤ እኔም ተመስግኛለሁ።

በአምስተኛው ቅዳሜ የልብስ ሰፊዋ ተራ ደረሰ። ዘመዶቿ ስልክ ደውለው "እናትሽን ትንሽ አሟታል፣ ነይ" አሏት። ብርቱካን ገዝታ ሄደች። ከመኪና ስትወርድ ድንኳን አየች። እናቷ የተቀበረችው ከአንድ ቀን በፊት ነበር።

"ብርቱካኑን ምን እንዳደረግሁት አላስታውስም" አለችን።

በሳምንቱ ደግሞ እጇን አወጣች። "እኔ የመጨረሻው ቀን አልመጣም። መሰነባበት አልችልበትም።"

አማካሪዋ መለሰችላት። "አላስገድድሽም። ግን እናትሽን ሳትሰናበቺ ቀርተሻል። እዚህ፣ ቀኑን አውቀሽ፣ አንድ ጊዜ ብትሞክሪው ደስ ይለኛል።"

በሰባተኛው ቅዳሜ ልጅቷ ፈረቃ ገብታ ቀረች።

ያን ቀን ስንወጣ በሩ ላይ ቆመን መከርን። ልጅቷ ሳትሰናበት ልትቀር መሆኗ ሁላችንንም አሳዝኖን ነበር።

"እትዬ፣ እርስዎ ይደውሉላት" አለች ነጋዴዋ። "የእርስዎን ቃል አታልፍም።"

"ምን ብዬ?"

"ሁለት ሳምንት ተራዝሟል ይበሏት። ብቻ ትምጣ፤ ከመጣች በኋላ እኛ አለን።"

ሁሉም ተስማሙ። አንዳችንም ምን እያደረግን እንደሆነ አልታየንም። ማታውኑ ደወልኩ።

"እውነት ተራዘመ እማማ?"

"አዎ ልጄ።"

"እሰይ! እመጣለሁ።"

ስልኩን ሳስቀምጥ ሥራዬን በደንብ እንደሠራሁ ተሰማኝ።

መጣች። ፀጉሯን ተሠርታ፣ አጠገቤ ተቀመጠች። አማካሪዋ እንደ ልማዷ ጀመረች፤ "ዛሬ የመጨረሻችን ነው።"

ልጅቷ ሳቀች። "ተራዝሟል እኮ!"

አማካሪዋ ግራ ገብቷት አንድ በአንድ አየችን። ነጋዴዋ ሻሿን ማስተካከል ያዘች። ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች።

"እማማ?"

"አልተራዘመም" አልኳት። "ዋሽቼሽ ነው።"

"ለአንቺ ብለን ነው እኮ፣ የኔ እህት!" አለች ነጋዴዋ።

"ያኔም ለእኔ ብለው ነው" አለች ልጅቷ። "ትንሽ አሟታል አሉኝ።"

ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ፤ ቦታውን የሳተ ፋይል ከሩቅ እለያለሁ። ይህንን ግን እስክትናገረው ድረስ አላየሁትም። ሁላችንም ታሪኳን እያለቀስን ሰምተን፣ በሁለት ሳምንቱ ራሳችን ደገምነው።

ልጅቷ ቦርሳዋን አንስታ ተነሣች።

"ቁጭ በይ አንቺ ልጅ! የት ልትሄጂ ነው?" ብላ ነጋዴዋ ልትይዛት ሞከረች።

"ተዪአት" አለች አማካሪዋ።

ልጅቷ በሩን ከፈተች። እጀታውን እንደያዘች ቆየች። ከዚያ መለስ ብላ ዘጋችው።

"ሳልናገር አልሄድም" አለች። "እሄዳለሁ። አሁን ነው የምሄደው።"

ከበሩ አጠገብ ጀምራ ዞረች። ለአማካሪዋ፣ "ስትቆጥሪ ያናድደኝ ነበር። አሁን አላናደደኝም" አለቻት። ከሁለቱ ሴቶች ጋር ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳመች። ሦስተኛዋን እጇን ይዛ የሞተውን ልጇን ስም ጠራችላት። ነጋዴዋ ጋ ስትደርስ፣ "እትዬ፣ ደህና ይሁኑ። ሳቅዎን እወደው ነበር" አለቻት፤ ነጋዴዋ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ልጅቷ አንዳቸውንም አልዘለለችም። መሰነባበት አልችልበትም ያለችው ልጅ መሆኗን ረስቼ በትኩረት እመለከታት ነበር።

እኔ ፊት ቆመች። ተነሣሁ።

"ለእርስዎ ሌላ ቀን" አለችኝ።

"መቼ?"

"ደውዬ እነግርዎታለሁ። ቀኑን አስቀድሜ።"

"እሺ ልጄ" አልኳት።

ወጣች። ደረጃውን ስትወርድ የጫማዋን ድምፅ እስኪያልቅ ሰማን። ከዚያ የቀረነው ተራ በተራ መሰነባበት ጀመርን፤ ሰዓቱ ገና ነበር። እኔ ጋ ሲደርስ አማካሪዋ ጠበቀችኝ።

"የእኔ ይለፍ" አልኩ። "ቀን አልተቆረጠልኝም።"

ነጋዴዋ ከሻሿ ሥር ሳቀች። ቀጣዩ ተራ የእሷ መሆኑን ስታውቅ ግን ሻሿን ማስተካከል ያዘች።