ጎሚስታዋና የሁለተኛው ፎቅ ችሎት

ጎማ መፍታት የተማረችው ከአባቷ ነው። ሰፈሩ ሁሉ «ጎሚስታዋ» ይላታል። አፏ አያርፍም፤ «ሴት ልጅ ክሪክ ስትገፋ ያስቃል» ያላት ሾፌር ካለ፣ መፍቻውን ወርውራለት ትቀመጣለች። ግማሽ ሰዓት ላቡን ጠብ አድርጎ ራሱ ይለምናታል።

አንድ ቀን ከጎረቤት ክልል የመጣ የጭነት መኪና ደጇ ቆመ። የአንድ ማጓጓዣ ድርጅት ንብረት ነው። ሾፌሩ «የእጅ ፍሬን ይዣለሁ» አላት። አልያዘም። የኋላውን ጎማ ስትፈታ መኪናው ተንሸራተተና ቀኝ እጇን ከደጇ ግንብ ጋር አጣበቀው። ሦስት ጣቶቿ ከዚያ ወዲህ አልታጠፉም። ድርጅቱ እግዜር ይማርሽ የሚል ሰው እንኳ አልላከም።

በከተማዋ ፍርድ ቤት፣ ምድር ቤት ካለው የወረዳ ችሎት ከሰሰች። ስምንት ወር በቀጠሮ አመላለሷት። በዘጠነኛው ዳኛው ቀና እንኳ ሳይሉ፣

«ጉዳዩ የፌዴራል ነው፤ የማየት ሥልጣን የለንም» አሉ።

«ክቡር ዳኛ፣ እጄ የተጨፈለቀው እዚህ! መኪናው የቆመው እኔ ደጅ! ፌዴራሉ ከየት መጣ?»

«አንቺ የዚህ ክልል ነዋሪ ነሽ፤ ተከሳሹ የሌላ። የሁለት ክልል ነዋሪዎች ሲካሰሱ የፌዴራል ጉዳይ ይሆናል። መዝገቡ ተዘግቷል።»

«አድራሻው እኮ የክሱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ነው! አንድ ገጽ ለማንበብ ስምንት ወር?»

«ሥነ ሥርዓት!»

አስተማሪ የሆነችው ታናሽ እህቷ ክንዷን ይዛ አስወጣቻት። «እታለም፣ በእግዜር፣ ተረጋጊ።»

«አልረጋጋም! ሊሠራ ያልፈለገ የእናቴ ቀሚስ አደናቀፈኝ ይላል!»

በሳምንቱ አውቶቡስ ተሳፍራ፣ ቀን ተኩል ተጉዛ፣ ዋና ከተማ ፌዴራል ፍርድ ቤት ደረሰች። መዝገብ ቤት ያሉት ሽበታም ሴትዮ ወረቀቷን እስከ መጨረሻው አነበቡላት።

«ልጄ፣ የፌዴራል መሆኑስ ልክ ነው። ግን የፌዴራሉን ሥራ በየክልሉ ያለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት በውክልና ያየዋል። የናንተ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የት ነው?»

ጎሚስታዋ «ሁለተኛ ፎቅ» አለች። «መዝገቤን ከዘጉት ዳኛ አናት ላይ!»

ስትመለስ ቤቷ አልገባችም። በቀጥታ ወደ ምድር ቤቱ መዝገብ ቤት ሄዳ የጸሐፊውን ጠረጴዛ በግራ እጇ መታችው።

«ደረጃውን ውጪ ብትለኝ ምላስህ ይቆረጥ ነበር?»

«አልጠየቅሽኝማ።»

«የማላውቀውን ምን ብዬ ልጠይቅህ?»

ሰውየው ማህተሙን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው።

ሁለተኛ ፎቅ ክሱ በሦስት ቀጠሮ አለቀ። የድርጅቱ ጠበቃ ጥፋቱን በሷ ላይ ሊያላክክ ሞከረ፤ ጎረቤቷ በያጁ ግን ፍሬኑ እንዳልተያዘ ያየውን ተናገረ። ተፈረደላት። ሰው እንኳን ደስ ያለሽ ሲላት «በምኑ?» ትል ነበር። የዓመት ንዴቷ ገና አልበረደም።

የፍርድ ቤቱን ፕሬዚዳንት ቢሯቸው ገብታ በመግቢያው በር ላይ ማስታወቂያ ይለጠፍ አለቻቸው። «እናስብበታለን» አሏት።

እሷ ግን አላሰበችበትም። ጣውላ ላይ በግራ እጇ፣ በተንጋደደ ጽሕፈት፣ «የከሰሳችሁት ሰው የሌላ ክልል ነዋሪ ከሆነ ሁለተኛ ፎቅ ውጡ» ብላ ጽፋ በሩ አጠገብ አቆመችው። ጥበቃው አነሳው። በማግስቱ ሌላ አመጣች፤ ያንንም አነሳው። በሦስተኛው ቀን ግን ጣውላውን ይዞ ቆሞ ሲያነብ ደረሰች።

«እህቴ፣ መሬት ላይ ከሚቆም ከፍ ብታደርጊው ሰው ያየዋል» አላት።

«ራስህ ስቀለው!» ብላ ጮኸችበት። «እኔ አንድ እጅ ነው ያለኝ!»

ሚስማር ፍለጋ ሄደ።